የ500 ኮምፒውተሮች ሌሊት

ለአንድ ኮምፒውተር መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ቀላል ሥራ ነው። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይሰካል፣ ፋይሉ ይገለበጣል፣ ዲስኩ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል። ለአምስት ኮምፒውተሮችም ቢሆን አንድ ትጉህ ሠራተኛ ይበቃል። ቁጥሩ ወደ 50፣ ከዚያም ወደ 500 ሲወጣ ግን ሥራው የበዛ ብቻ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ዓይነቱም አብሮ ይለወጣል። በትንሹ ቁጥር የማይታይ ነገር፣ ለምሳሌ ማን ቀድሞ ይጀምር የሚለው ጥያቄ፣ በትልቁ ቁጥር የሥርዓቱን መቆምና መውደቅ ይወስናል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ የብዙ ኮምፒውተሮችን መረጃ በኔትወርክ የሚጠብቅ ሶፍትዌር ከመሸከም አቅሙ ይልቅ የሚፈተነው በማወቅ አቅሙ ነው። የትኛው ፋይል ተለወጠ? የትኛው አስቀድሞ ተቀምጧል? የዛሬው ተራ የማን ነው? ትናንት ሳይሳካለት የቀረውስ? ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በዚህ ሙያ የተገኙት ትልልቅ መፍትሔዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እየሰጡ ጭነቱን ያቀለሉ ናቸው፤ ጭነቱ በቀለለ ቁጥርም ማነቆው ከኬብሉ ወጥቶ ወደ መዝገቡ ተሻግሯል።

በቁጥር እንየው። 500 ኮምፒውተሮች ያሉት መሥሪያ ቤት እናስብ። በእያንዳንዱ ላይ 100 ጊጋባይት መረጃ አለ፤ በድምሩ 50 ቴራባይት ይሆናል። ቅጂዎቹን የሚቀበለው ሰርቨር ከኔትወርኩ ጋር የተገናኘበት መስመር በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ነው፤ በተግባር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ያደርሳል እንበል። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው 8 ሰዓት ለባክአፕ ተፈቅዷል። በነዚህ 8 ሰዓታት በመስመሩ ሊያልፍ የሚችለው 3.2 ቴራባይት ገደማ ነው። 50 ቴራባይቱን በሙሉ ለመውሰድ ሌትና ቀን ሳይቋረጥ ከ5 ቀን በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ስለዚህ በየሌሊቱ ሁሉንም መቅዳት የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም የለም።

የመጀመሪያው መላ የታወቀ ነው፤ አንዴ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፣ ከዚያ በኋላ የተለወጠው ብቻ ይጨመርበታል። በቀን የሚለወጠው ከ100ው ጊጋባይት 2 ጊጋባይት ነው ብንል የ500ው ለውጥ 1 ቴራባይት ይሆናል፤ በሁለት ሰዓት ተኩል ያልቃል። ሙሉ ቅጂው ግን አልፎ አልፎ መታደስ አለበት። ብዙ ቦታ የተለመደው ልማድ ዓርብ ማታ ሙሉ፣ በሌላው ቀን ለውጥ ብቻ የሚል ነው፤ እንዲያ ከሆነ ዓርብ ማታ 50 ቴራባይቱ ተመልሶ ይመጣል። ሙሉ ቅጂዎቹን በሳምንቱ ሰባት ሌሊት ብናከፋፍላቸውስ? በየሌሊቱ 71 ኮምፒውተሮች ሙሉ፣ የቀሩት 429 ለውጣቸውን ይልካሉ፤ ወደ 8 ቴራባይት ይጠጋል፣ 20 ሰዓት ይወስዳል። አሁንም አይሆንም። በ30 ሌሊት ስናከፋፍል ግን 17 ኮምፒውተሮች ሙሉ፣ 483ቱ ለውጥ፣ በድምሩ 2.7 ቴራባይት ገደማ ይሆንና ከ7 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሰርቨሩ ያው፣ ኬብሉም ያው፣ መረጃውም ያው ነው። አንዲት ብር ሳይወጣ የማይቻለው የተቻለው ሶፍትዌሩ ምን እንደተለወጠና ተራው የማን እንደሆነ ስላወቀ ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ ቀድመው በሥራ ካዋሉት መካከል በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ሰዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ዳ ሲልቫ እና ኦላፉር ጉድሙንድሶን አማንዳ የተባለውን ሶፍትዌር ሲጽፉ የገጠማቸው ችግር ከላይ ያየነው ነበር፤ ቁጥሮቹ ብቻ ያንሳሉ። የያኔው ባለ 8 ሚሊሜትር የኤግዛባይት ቴፕ የሚይዘው ከ2 ጊጋባይት ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በሰከንድ የሚጽፈውም 250 ኪሎባይት አይሞላም። የአማንዳ ዋና ብልሃት ያለው የሌሊቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሚሠራው ዕቅድ ላይ ነው። ዕቅድ አውጪው ፕሮግራም እያንዳንዱን ኮምፒውተር ይጠይቃል፤ ዛሬ ሙሉ ቅጂ ቢወሰድ ስንት ይመዝናል፣ ለውጡ ብቻ ቢወሰድስ? የሁሉም መልስ ከመጣ በኋላ ድምሩን ከቴፑ አቅም ጋር ያመዛዝናል። ከበዛ የአንዳንዱን ሙሉ ቅጂ ለነገ ያሸጋግራል፤ ሌሊቱ ቀለል ካለ ደግሞ ለነገ የነበረውን ዛሬ ይወስዳል። አስተዳዳሪው የማክሰኞውን ለእከሌ፣ የረቡዑን ለእከሊት እያለ ሠንጠረዥ አያወጣም፤ ሁለት ሙሉ ቅጂዎች ቢበዛ በስንት ቀን ሊራራቁ እንደሚችሉ ብቻ ይናገራል። ተራውን በእጅ ማደል ለ20 ኮምፒውተር ይቻላል፤ ለ500 ግን ሠንጠረዡ በወጣ በሳምንቱ አዳዲስ ማሽኖች ይገባሉ፣ አሮጌዎቹ ይወጣሉ፣ የአንዱ ዲስክ በእጥፍ ያድጋል፣ የተደላደለው ሁሉ ይዛባል። ከሰው እጅ ወደ ማሽን መሄድ የነበረበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ውሳኔ ነበር፤ አማንዳ ዛሬም መጠናት የሚገባው ለዚህ ይመስለኛል።

አማንዳ ሁለተኛም ነገር አስተምሯል። ቴፕ ሲሮጥ እንጂ ሲቆም ደስ የሚለው መሣሪያ አይደለም። መረጃው በፍጥነቱ ልክ ካልደረሰው ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቦታውን ፈልጎ እንደገና ይነሳል፤ በዚህ መሀል ጊዜው ይባክናል፣ ቴፑም ያልቃል። በየተራ የሚልኩት ኮምፒውተሮች ግን እያንዳንዳቸው ቀርፋፋ ነበሩ። መፍትሔው ከቴፑ ፊት አንድ ማቆያ ዲስክ ማስቀመጥ ሆነ፤ ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ወደ ዲስኩ ይልካሉ፣ የተጠናቀቀው ቅጂ ደግሞ ከዲስኩ ወደ ቴፑ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ገበያ ላይ የዋለው ስምንተኛው ትውልድ ኤልቲኦ ቴፕ 12 ቴራባይት ይይዛል፣ በሰከንድ እስከ 360 ሜጋባይት ይጽፋል። የእኛ የ110 ሜጋባይት መስመር ይህን መሣሪያ ሊያጠግበው አይችልም። ቴፕ የሚጠቀሙ ትልልቅ ተቋማት ዛሬም መጀመሪያ ወደ ዲስክ፣ ቀጥሎ ወደ ቴፕ የሚሉት ከዚሁ የተነሳ ነው።

ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይላኩ ሲባል ግን ስንት? እያንዳንዱ ኮምፒውተር በሰከንድ 20 ሜጋባይት ቢልክ ስድስቱ ብቻ መስመሩን ይሞሉታል። ስምንት ወይም አሥር ማሰለፍ አንዱ ሲንገዳገድ ሌላው ክፍተቱን እንዲሞላ ይረዳል። 500ውን በአንድ ጊዜ መልቀቅ ግን ምንም አያፋጥንም፤ የሰርቨሩ ዲስክ በ500 የተለያየ ቦታ ሲጽፍ ራሱ ይሰናከላል፣ ግንኙነቶች ጊዜያቸው አልፎ ይቋረጣሉ፣ የተቋረጡት እንደገና ሲሞክሩ ሰልፉ ይብስበታል። የአገሩ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት እህሉን ይዞ ወፍጮ ቤት ቢደርስ ድንጋዩ በፍጥነት አይዞርም፤ የሚረዝመው ጥበቃው ነው። ይህ ስሕተት በተግባር የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከቅንነት ነው፤ በየማሽኑ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እንዲጀምር ተደርጎ ይዘጋጅና ያው ቅንብር በ500 ማሽን ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ ጥሩ ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ብዛት ይገድባል፤ መነሻ ሰዓቱንም በደቂቃዎች እያዛነፈ በዘፈቀደ ይበትናል።

እስከዚህ ድረስ ያየነው ጭነቱን ስለ ማደላደል ነው። ቀጣዩ ጥያቄ የተለወጠውን የመለየት ሥራ የት ይሠራ የሚል ነው፤ ብዙ ሥርዓቶች የሚወድቁትም እዚህ ነው። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ 300,000 ፋይሎች አሉ እንበል፤ የሥርዓተ ክወናው ፋይሎች ሲቆጠሩ ይህ የተጋነነ አይደለም። የትኛው እንደተለወጠ ለማወቅ የእያንዳንዱን መጠንና የተሻሻለበትን ቀን ማየት ያስፈልጋል። መርፌውን ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅስ የተለመደ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ያህል የተበታተኑ ቦታዎችን ቢያነብ ፍተሻው 50 ደቂቃ ይወስዳል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ከፈተሸ 500ው ጎን ለጎን ይሠሩና ጠቅላላው ሥራ በ50 ደቂቃ ያልቃል። ሰርቨሩ የእያንዳንዱን የቆየ ቅጂ ከራሱ ዲስክ ላይ እያነበበ ያነጻጽር ቢባል ግን 50 ደቂቃው በ500 ይባዛል፤ ከ17 ቀን ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰርቨር ግዢ የሚዘጋ አይደለም። ኮምፒውተር በተጨመረ ቁጥር የራሱን ጉልበት ይዞ የሚመጣበት ሥርዓት ያድጋል፤ ኮምፒውተር በተጨመረ ቁጥር ማዕከሉ ላይ ሸክም የሚጨምርበት ሥርዓት ደግሞ ጣሪያው ቅርብ ነው። አንድን ባክአፕ ሶፍትዌር ከመምረጡ በፊት ሰው አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ቢችል፣ አንድ ተጨማሪ ማሽን ማዕከሉን ምን ያስወጣዋል ብሎ እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

ማዕከሉ ግን ከሥራ ነፃ አይሆንም፤ መዝገቡ እሱ ዘንድ ነው። የማን የትኛው ፋይል፣ በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው ዲስክ ወይም ቴፕ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ዳታቤዝ ከሌለ የተከማቸው ሁሉ ማንበብ የማይቻል ክምር ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣውና በኋላ ቲቮሊ ስቶሬጅ ማኔጀር የተባለው ምርት በዚህ አቅጣጫ እጅግ ደፍሮ ሄዷል። ሙሉ ቅጂ አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ ለዘለዓለም ለውጥ ብቻ። ይህ እንዲሠራ ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ፋይል እያንዳንዱን እትም በዳታቤዝ መያዝ አለበት። የተገኘው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ከላይ በ30 ሌሊት ያከፋፈልነው የሙሉ ቅጂ ጭነት ጨርሶ ይጠፋል። ዋጋው ደግሞ በዳታቤዙ ላይ ታየ። ተቋማት ሲያድጉ የሶፍትዌሩ የራሱ ዳታቤዝ ስላልቻለ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2009 በስድስተኛው እትም ዲቢ2 በተባለው ትልቁ ዳታቤዙ ተካው። ከርን ሲባልድ እ.ኤ.አ. በ2000 መጻፍ የጀመረው ባኩላ የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደርሷል። ባኩላ ሥራውን ከፋፍሎታል፤ አንዱ ክፍል ያዛል፣ ሁለተኛው በየኮምፒውተሩ ተቀምጦ ፋይሉን ያነባል፣ ሦስተኛው ወደ ዲስክ ወይም ቴፕ ይጽፋል፣ መዝገቡ ደግሞ ለብቻው በማይኤስኪውኤል ወይም በፖስትግሬስኪውኤል ይያዛል። መረጃው በአዛዡ በኩል አያልፍም፤ ከኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደ ጸሐፊው ይሄዳል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹን ማብዛት ይቻላል። መዝገቡ ግን አንድ ነው፤ 500 ኮምፒውተሮች በ300,000 ፋይል ሲባዙ 150 ሚሊዮን መስመር ይሆናል፣ አንዱ መስመር 150 ባይት ቢይዝ እንኳ ለአንድ ዙር ሙሉ ቅጂ ብቻ 22 ጊጋባይት ያልፋል። የፋይል ዝርዝሮችን መጀመሪያ ለብቻ አጠራቅሞ ወደ ዳታቤዙ በጅምላ ማስገባት የሚለው ማሻሻያ የመጣው ከዚህ ጭንቅ ነው። አንድ በአንድ ሲጻፍ ቴፑ ዳታቤዙን ይጠብቅ ነበር።

በመሀል አንድ ተቃውሞ መስማት ተገቢ ነው። ይህ ሁሉ ብልሃት ለምን? ፈጣን መስመር ይገዛ፣ ወይም ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ ይሂድ የሚል ሰው አይጠፋም። ፈጣን መስመር መግዛት መልካም ነው፤ በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያሳልፍ መስመር 50 ቴራባይቱን በ13 ሰዓት ገደማ ያደርሰዋል። ከ8 ሰዓቱ ግን አሁንም ይበልጣል፤ ያንን ያህል የሚጽፍ የዲስክ ክምችትም ተጨማሪ ወጪ ነው፣ የትንንሽ ፋይሎች ፍተሻም በኬብል ፍጥነት አይታገዝም። ክላውዱ ደግሞ ኬብሉን አላስወገደም፤ ቀጭኑን ኬብል መረጠ እንጂ። መሥሪያ ቤቱ ወደ ኢንተርኔት የሚልክበት መስመር በሰከንድ 100 ሜጋቢት ቢሆን የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ከ46 ቀን በላይ ሌትና ቀን ይጓዛል፤ የኢንተርኔት መስመር ውድ በሆነባት በኢትዮጵያ ደግሞ ይህ የወር ሒሳብ ጥያቄም ነው። ቅጂ ከሕንፃው ውጭ መኖሩን በብርቱ እደግፋለሁ። ነገር ግን ክላውድን የሚያስችለው ይኸው ምን እንደማይላክ ማወቅ ነው፤ ያለዚያ ዕውቀት ክላውዱ ከጎን ክፍል ካለው ሰርቨር የባሰ ይጠባል።

ምን እንደማይላክ የማወቅ ጥበብ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው ተደጋጋሚውን በማስወገድ ነው። በ500 ኮምፒውተሮች ላይ ያለው የሥርዓተ ክወና ፋይል በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ሰነድ ለሠላሳ ሰው በኢሜይል ሲላክም በሠላሳ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ታዲያ ለምን 500 ጊዜ ይቀመጥ? ክሬግ ባራት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ባክአፕፒሲ አንድ ዓይነት ይዘት ያለውን ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ አስቀምጦ ከየኮምፒውተሩ ማውጫ ወደዚያው ያመለክት ነበር። የማመልከቻው ዘዴ ሃርድ ሊንክ የሚባለው፣ የፋይል ሥርዓቱ ራሱ የሚሰጠው መገልገያ ነው። ሐሳቡ ቀላልና ውብ ነበር፤ ሲያድግ ግን ብዙ ሚሊዮን ሃርድ ሊንክ የያዘ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ለማዛወር ወይም ጤንነቱን ለመመርመር እጅግ የሚያዳግት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አራተኛው እትም ሃርድ ሊንክን ትቶ የእያንዳንዱን ፋይል ተጠቃሚዎች ብዛት በራሱ መዝገብ መቁጠር ጀመረ። በቤል ላብስ ሾን ኩዊንላንና ሾን ዶርዋርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት ቬንቲ ደግሞ ከፋይል ወርዶ ወደ ቁራጭ መጣ። እያንዳንዱ የመረጃ ቁራጭ ከይዘቱ በስሌት የሚወጣ አሻራ አለው፤ አሻራው ቀድሞ ካለ ቁራጩ እንደገና አይጻፍም። በዚህ ሐሳብ ላይ የተሠሩት የዛሬ ሶፍትዌሮች ኮምፒውተሩ መጀመሪያ አሻራውን ብቻ እንዲልክ ያደርጋሉ፤ ሰርቨሩ አለኝ ካለ ቁራጩ ከቦታው አይነቃነቅም።

አሻራ ግን ነፃ አይደለም። 8 ቴራባይት መረጃ በ8 ኪሎባይት ቁራጭ ሲከፋፈል 1 ቢሊዮን ቁራጭ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 20 ባይት አሻራ ቢያዝ ዝርዝሩ ብቻ 20 ጊጋባይት ነው። የ2000ዎቹ ሰርቨር ይህን በሜሞሪ ሊይዘው አይችልም፤ ዲስክ ላይ ቢያስቀምጠውም ለእያንዳንዱ ቁራጭ ዲስክ መጠየቅ ሊኖርበት ነው፣ በሰከንድ 100 ጥያቄ የሚመልስ ዲስክ ደግሞ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት እንኳ አያስኬድም። ቤንጃሚን ዡ፣ ካይ ሊ እና ሁጎ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ2008 የዴታ ዶሜይን ኩባንያን ሥርዓት ሲገልጹ ያሳዩት መፍትሔ የዚህ ሙያ ትልቁ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ቁራጭ አዲስ መሆኑን በትንሽ ሜሞሪ ወዲያው የሚናገር ማጣሪያ አበጁ። ሁለተኛው ማስተዋላቸው ይበልጣል፦ ትናንት ተከታትለው የመጡ ቁራጮች ዛሬም ተከታትለው ይመጣሉ። ስለዚህ አንዱ አሻራ ሲገኝ የጎረቤቶቹን ዝርዝር አብሮ ወደ ሜሞሪ ማምጣት ቀጣዮቹን ጥያቄዎች ያለ ዲስክ ይመልሳል። በዚህ ዘዴ ወደ ዲስክ ይደረጉ ከነበሩት ጥያቄዎች 99 በመቶውን ማስቀረት ተችሏል። ፍጥነት የመጣው መረጃው እንዴት እንደሚመላለስ ከማወቅ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ስለሆነ በችኮላ መታለፍ የለበትም። ሁለት የተለያዩ ቁራጮች አንድ ዓይነት አሻራ ቢኖራቸውስ? አንዱ ሳይቀመጥ ይቀራል፤ የጠፋውም የሚታወቀው በሚፈለግበት ቀን ነው። ቬንቲ የተጠቀመበት ሻ1 የተባለው ስሌት እ.ኤ.አ. በ2017 በአምስተርዳሙ ሲደብሊውአይ የምርምር ተቋምና በጉግል ተመራማሪዎች ሆን ተብሎ ሊሸወድ እንደሚችል ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። የዛሬዎቹ እንደ ሬስቲክና ቦርግ ያሉ ሶፍትዌሮች 256 ቢት አሻራ ይይዛሉ። 50 ቴራባይታችን ሁሉም የተለያየ ቢሆን እንኳ 6 ቢሊዮን ያህል ቁራጭ ነው፤ በዚህ ብዛት ሁለት አሻራዎች በአጋጣሚ የሚገጣጠሙበት ዕድል 1ን 57 ዜሮ ለሚከተለው ቁጥር እንደማካፈል ነው። ዲስኩ ራሱ ቢት የሚያበላሽበት ዕድል ከዚህ እጅግ፣ እጅግ ይበልጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ለ500 ኮምፒውተሮች አንድ ጊዜ የተቀመጠ ቁራጭ ሲበላሽ ለ500ውም ይበላሻል። ቁጠባው አደጋውንም አንድ ቦታ ሰብስቦታል። ተደጋጋሚውን ያስወገደ ሥርዓት የተቀመጡትን ቁራጮች በየጊዜው እያነበበ ከአሻራቸው ጋር ማመሳከርና ሁለተኛ ሙሉ ክምችት በሌላ ቦታ መያዝ አለበት፤ ያላደረገ ከሆነ የዲስክ ዋጋ ቆጥቦ ተቋሙን አስይዟል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማዕከልን ራሱን የሚመለከት ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ባሻው ጊዜ ራሱ ወደ ጋራ ማከማቻ ቢልክ አዛዥና ተራ አዳይ ለምን ያስፈልጋል? ላፕቶፕ በበዛበት ዘመን ይህ ጥያቄ ክብደት አለው፤ ላፕቶፑ ሌሊት ቢሮ ስለማያድር ሰርቨሩ ቢጠራው አይመልስም። መልካሙን ነገር መቀበል ይቻላል፤ መላኩን ኮምፒውተሩ ይጀምረው። ሁለት ነገሮች ግን ማዕከሉ ዘንድ መቅረት አለባቸው። አንደኛው የማጥፋት ሥልጣን ነው። አንድ ኮምፒውተር የራሱን የቆዩ ቅጂዎች መሰረዝ ከቻለ ኮምፒውተሩን የያዘው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስም ይችላል። ሁለተኛው ዝምታን መስማት ነው። ሳይልክ የቀረ ኮምፒውተር አልላክሁም ብሎ አይናገርም፤ መላክ እንደነበረበት የሚያውቅ ሌላ አካል መኖር አለበት።

ይህ ዝምታ ከቴክኒኩ ሁሉ የበለጠ ተቋማትን ይጎዳል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየሌሊቱ ከመቶ 99 ጊዜ ይሳካለታል እንበል፤ ጥሩ ውጤት ነው። 500 ኮምፒውተሮች ሲኖሩ ግን በአማካይ በየሌሊቱ አምስቱ ይከሽፋሉ፤ ሁሉም የሚሳካላቸው ሌሊት ደግሞ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውድቀት የየቀን ነገር ይሆናል። ሶፍትዌሩ በየጠዋቱ 500 መልእክት የሚልክ ከሆነ በሳምንቱ ማንም አያነበውም። 495ቱን በዝምታ አልፎ፣ አምስቱ ውስጥ ደግሞ ትናንት ብቻ ያመለጠውን ለ12 ቀን ካመለጠው የሚለይ ሪፖርት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ የደረሰው ለዚህ ማስረጃ ነው። አንድ ባለሙያ በስሕተት ዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘ፤ ወደ መጠባበቂያው ሲሄዱ የየዕለቱ ቅጂ ሳይወሰድ እንደቆየ ተገኘ። ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም እትም ከዳታቤዙ እትም ጋር ስላልተጣጣመ በየቀኑ ይከሽፍ ነበር፤ መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም በተቀባዩ ሰርቨር ተቀባይነት አጥተው ተመልሰዋል። ኩባንያው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ ከተወሰደ ሌላ ቅጂ ተነስቶ ተመለሰ፤ የስድስቱ ሰዓት ሥራ ግን ጠፋ። ጊትላብ ይህን ሁሉ ለሕዝብ በግልጽ መጻፉ ያስመሰግነዋል፤ ብዙ ተቋማት ከዚያ ተምረዋል።

የሜርስክ ታሪክ ደግሞ የመመለሱን ሥራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ሲመታ ኩባንያው 45,000 ኮምፒውተሮችንና 4,000 ሰርቨሮችን እንደገና መገንባት ነበረበት፤ ዋናውን ሥራ በ10 ቀን ፈጽሞታል። የአብዛኞቹ ሰርቨሮች መጠባበቂያ ቅጂ ተገኝቶ ነበር። የጠፋው ማን የትኛውን ማሽን እንዲጠቀም የሚፈቅዱት የዶሜይን ሰርቨሮች ቅጂ ነው። 150 ያህል ነበሩ፤ እርስ በርስ ስለሚገለባበጡ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተደመሰሱ። አንዱ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ያለው፣ ጥቃቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶበት ከኔትወርኩ ወጥቶ የነበረው። እርስ በርስ መገለባበጥ ስሕተትንና ጥቃትንም አብሮ እንደሚገለብጥ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ጉግል በዚህ ረገድ አስቀድሞ አስቦበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 የሶፍትዌር ስሕተት የጥቂት ጂሜይል ተጠቃሚዎችን ደብዳቤዎች ከተገለባበጡት ቅጂዎች ሁሉ ሲያጠፋ መልሶ ያገኘው ከኔትወርኩ ተለይተው ከተቀመጡ ቴፖች ነው።

ስለዚህ የእኛ ምናባዊ መሥሪያ ቤት መዝገብ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይኖርበታል፤ ማን ቀድሞ ይመለስ። 500ውን በአንድ ጊዜ እንመልስ ቢባል 50 ቴራባይቱ በዚያው መስመር ወደ ኋላ ይጓዛል፤ ያው ከ5 ቀን በላይ። የዶሜይን ሰርቨሩ፣ የደመወዝና የሒሳብ ዳታቤዙ፣ የባክአፕ ሰርቨሩ የራሱ መዝገብ ቅጂ ከፊት መሰለፍ አለባቸው፤ ቅደም ተከተሉም አደጋው ከመድረሱ በፊት ተጽፎ፣ ከሰርቨሩ ውጭ በወረቀት ላይም ተቀምጦ መገኘት አለበት። የመመለስ ሙከራ ለ500 ማሽን አይቻልም የሚሉ አስተዳዳሪዎች አሉ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። ነገር ግን የሌሊቱ ሥራችን ከ7 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ ከንጋቱ በፊት ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ትርፍ ጊዜ አለ። ሶፍትዌሩ በየሌሊቱ ሦስት ኮምፒውተሮችን ቢመርጥና 300 ጊጋባይቱን ወደ አንድ ትርፍ ማሽን መልሶ አሻራውን ቢያመሳክር 45 ደቂቃ ይበቃዋል። አስቀድሞ ተራው ያልደረሰውን እየመረጠ ከሄደ በ167 ሌሊት ሁሉንም ያዳርሳል፤ ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ።